የእትዬ ዘሃራ ኮምፒውተር

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከሥራ ዝዬ ስመለስ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ጠሩኝ። ኮምፒውተራቸው በተከፈተ ቁጥር የማይዘጋ ማስታወቂያ ይመጣባቸዋል።

«በአላህ ልጄ፣ የሱን ድምፅ እንዳታጠፋብኝ» አሉኝ። የሟች ባለቤታቸው ድምፅ የተቀዳው እዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ድምፁን በፍላሽ ገለበጥኩ። ከዚያ ሬጅስትሪ የሚባለውን የተደበቀ ማስተካከያ ከፈትኩ፤ ምንም ሳልነካ ቅጂውን አስቀመጥኩ። አምና በችኮላ የራሴን አበላሽቻለሁ።

አንድ መስመር ሰርዤ መልሼ ሳስነሳው ማስታወቂያው ጠፋ። ድምፅ ማጉያውም አብሮ ዝም አለ። የእትዬ ፊት ተለወጠ። የሬጅስትሪውን ቅጂ መለስኩና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት።

የተቀዳውን ድምፅ ስከፍተው ባለቤታቸው «ዘሃራ» ብለው ተጣሩ። ማስታወቂያውም ተመልሷል።

«ተወው ልጄ፣ ማስታወቂያው ይኑር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሌላ መስመር ልሞክር ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ስለነበር ፍላሹን ሰጥቻቸው ወጣሁ።