ሳይታጠብ የሚሞላው ጠርሙስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ የድሮ አለቃዬ፣ የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮን፣ ከሞጣ ሆስፒታል ደወሉልኝ። ለካ እዚያ ስሠራ አራስ ሕፃናቱን ያሳመመው ባክቴሪያ ከእኔ እጅ አልመጣም። ከእጄ በተወሰደው ናሙና ያው ዓይነት ባክቴሪያ ሲገኝ፣ በነርሶች ሁሉ ፊት «አንቺ ነሽ» ብለው ወደዚህ አዛወሩኝ። አዲስ አበባ ዘረመሉ ሲመረመር ግን የእኔው ሌላ ዝርያ ሆነ። ከሕፃናቱ ደም ከተገኘው ጋር አንድ የሆነው፣ የእትብት መጥረጊያ ጥጥ ከምንነክርበት የመድኃኒት ጠርሙስ የተወሰደው ነው። ሳይታጠብ በአሮጌው ላይ አዲስ የሚጨመርበት ጠርሙስ! ስንት ጊዜ ነገርኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ያለፈው አልፏል፤ ዝም ብለሽ ተመለሺ» አሉኝ።

«ሲስተር፣ ስሜን ያጠፉት በነርሶቹ ፊት ነው። እዚያው ፊታቸው ይመልሱልኝ።»

«አይ አንቺ፣ ምላስሽ!» ብለው ሳቁ።

«ጠርሙሱስ ተቀየረ?»

ሳቃቸው ቆመ። «ትናንት በአሮጌው ላይ ሞልተነዋል» አሉ ቀስ ብለው።

የጠፋውን ስሜን እንኳ ረሳሁት። «አሁኑኑ ይድፉት!» ብዬ ስጮህ ስልኩን ዘጉብኝ። ዛሬም በዚያ ጥጥ የሕፃን እትብት እየጠረጉ ነው።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ እገባለሁ። ጠርሙሱን በሁሉም ፊት እሰብረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚያዛውሩኝ እናያለን።