ለቀኙ ሦስት፣ ለግራው አራት

አባየ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቀብርህን ሰፊ፣ ውስጡንም ብርሃን ያድርግልህ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ዓሪዳ ጉብታው ላይ ካሳረፍንህ ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ብጽፍልህም የማነብልህ እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬም እኔው ጽፌ እኔው አነብልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማየ ደህና ናት፤ የባል ሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ ከሰው ተቀላቅላለች። አንተ ጥጃ ሳለች የገዛሃት ላም ወልዳለች። እህቴ ዘይነብ አሥረኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛ በስልክ እየተናገረች ታስቀኛለች። እዚህ ደግሞ አንተ እያለህ መሳሳት የጀመረው ሰፈራችን ይበልጥ ሳስቷል። ከሶላት ወጥተን በር ላይ ስንቆም የወሎ ልጆች በሁለት እጅ ጣት እንቆጠራለን። ፍየል ጠባቂው ሙሄ ግን አለ፤ ምላሱም እንዳለች ናት።

አሠሪያችን፣ ከፊላችን አቡ ፈይሰል በላከልኝ ቪዛ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሳለህ? የአውቶሞቲቭ ዲፕሎማዬን እንዳይታጠፍ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። አንተም ለሰው ሁሉ ስታሳየኝ ዋልክ፤ «ልጄ ሙሐንዲስ ነው» እያልክ። እኔ ግን የማንጎ እርሻ ውስጥ ደረቅ ግንድ ቆርጠህ ሥጋ በጉድጓድ ለሚያበስሉት መንዲ ቤቶች ማገዶ እንደምታቀርብ ሳይ ልቤ ወረደ። ትልልቅ ሞተር ልፈታ የመጣሁ መስሎኝ ነበራ!

በማግስቱ ያቺን ትንሿን ሞተር መጋዝ ሰጠኸኝ። ቀላ ያለች ስለሆነች እንደ በሬ ዳማ ብለሃታል፤ ገመዷን ከመሳብህ በፊትም ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋታለህ። እኔ ለመታየት ቸኩዬ ሰንሰለቷን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ አሰርኩና ግንድ ላይ ጫንኳት። ጮኸች፣ ግንዱም ጨሰ፤ መቆረጥ ግን የለም። ሙሄ ከፍየሎቹ መሃል ሆኖ «ሙሐንዲሱ ለግንዱ እያከከለት ነው! እዚህ ጋ ጨምርለት፣ እዚህም በልቶታል!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ አዙሬ አስሬዋለሁ። አንተ አልሳቅክብኝም። ጎንበስ ብለህ አየሃትና «ብረት ነው ልጄ፤ እንደ ሰው አይቀየምህም። ያላ፣ ገልብጠው» አልከኝ። ስለዚያች አነጋገርህ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩህም። አሁን አመሰግንሃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የወደድኳት። ቤንዚንና ዘይቱን ስደባልቅ፣ ካንዴላዋን በብሩሽ ሳጠራ፣ ካርቡራቶሯን በትንሿ መፍቻ ሩብ ዙር ከፍቼ ድምጿ ሲቀየር ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ዐርብ ከሰዓት ሥራ ሳይኖረን እንኳ ለማየት ብለን አንድ ግንድ እንቆርጥ ነበር አይደል? አንተ ደረቅ ማንጎ ስትቆርጥ የሚወጣው ብናኝ የሚጣፍጥ ይመስልሃል፤ አንዴ በጣትህ ነክተህ ቀምሰህ «አሸዋ ነው» ብለህ ተፋኸው። ሁለታችንም ሥራ ለመጨረስ ሳይሆን ድምጿን ለመስማት የምንቆርጥ ሰዎች ነበርን።

አንድ ነገር ግን አስከፍቼሃለሁ። ሰንሰለት ስትስል ዚክር ትላለህ። በቀኙ ረድፍ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ፣ በአንድ ግፊት አንድ ቃል፣ ሞረዱን እየገፋህ «ሱብሃነላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ አላሁ አክበር» ትልና ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። መጋዟን አዙረህ የግራውን ረድፍ ስትጀምር ደግሞ መሃል ላይ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ትጨምራለህ። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ «አባየ፣ ዚክሩንም ስለቱንም አደባለቅከው፤ አንዴ ሦስት አንዴ አራት፣ እየረሳህ ነው መሰለኝ» አልኩህ። ሞረዱን አቁመህ ትንሽ አየኸኝና «ይሆናል» ብለህ ቀጠልክ።

ሦስት ቀን ብቻ ታመህ ሄድክ። ያን ጊዜ አቡ ፈይሰል ቀብር ቆፍሮልሃል፤ በእጁ፣ በነጭ ቀሚሱ። ይህን እወቅለት። ወር ከምናምን ቆይቶ ግን ጠራኝና የልቡን ነገረኝ። ሰዎች መጋዛቸውን ለጥገና ይዘው የሚመጡት አንተን፣ ሰዒድን፣ ብለው እንጂ የሰዒድን ልጅ ብለው እንዳልሆነ፣ እኔን በምን ሥራ እንደሚያቆየኝ እንዳላወቀ። እኔም ፊቴ እየጋለ፣ በመንገዱ ዳር ያለችውን ባዶ ክፍል ቢሰጠኝ ወርሻ፣ የጥገና ቤት፣ አድርጌ የአካባቢውን መጋዝ ሁሉ እንደምጠግን ለመንኩት። የልጁ ሠርግ ደርሶ ነበር። «የወደቀችውን ትልቋን ማንጎ እስከ ኀሙስ ቆርጠህ ለመንዲው ጉድጓድ አድርስልኝ። ካደረስክ ክፍሏ ወርሻ ትሁን። ካላደረስክ ኸላስ፣ የመውጫ ቪዛህን አስመትቼ በሰላም ወደ እናትህ እሸኝሃለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም አባየ፤ አላመነኝም እንጂ።

ሰኞ ሰንሰለቷን በመጽሐፍ እንደተማርኩት ሳልኳት። አንግሉን ለክቼ፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል ሦስት ሦስት ጊዜ ገፍቼ። ማክሰኞ ግንዱ ላይ ስጭናት ጫፍ ጫፉን ቆረጠች፤ ወፍራሙ ጋ ስትደርስ ግን ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ጀመረች። ቀጥ ብላ ትገባና መንገዷን ትስታለች፤ ከዚያ ግንዱ ጨምድዶ ይይዛትና ትጠፋለች። በሽብልቅ አላቅቃታለሁ፣ ትገባለች፣ ትጠማዘዛለች። እንደገና ሳልኳት፤ ባሰባት። ሙሄ መጥቶ የቆረጥኩትን ሰያፍ ጉማጅ አገላብጦ አየና «ሙሐንዲስ፣ ይቺ ዳማህ ጠጥታ ነው እንዴ የመጣችው? በዚህ አገር ይቀጡሃል» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ።

ረቡዕ ከዙህር ሶላት በኋላ የሠርጉ በጎች ሲደርሱ ከግንዱ ገና ግማሹ አልተነካም። ጥላ ሥር ተቀምጬ ለእማየ ምን ብዬ እንደምነግራት አሰብኩ። ሞረዱ እጄ ላይ ነበር፤ ከሶላት በኋላ ሳልለው የቀረሁትን ተስቢሕ፣ ያንኑ ዚክር፣ እዚያው እየሳልኩ ጀመርኩት፤ አፌም ሳላዘው ያንተን ዜማ ያዘ። ሦስት በቀኝ። መጋዟን አዞርኳት። አራት በግራ። አራተኛውን ስገፋ እጄ ቆመ።

ተነሥቼ ወደ ክፍላችን ሮጥኩ። አንተ መጨረሻ ስለህ የሰቀልካት ሰንሰለት እንዳለች ነበረች፤ ለማስታወሻ ብዬ አልነካኋትም። ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ካሊፐር አውጥቼ ጥርስ በጥርስ ለካኋት። ግራውም ቀኙም እኩል፤ የፀጉር ያህል ልዩነት የለም። የኔዋን ለካሁ። በግራው በኩል ያሉት ጥርሶች ሁሉ ከቀኙ ረዝመው ቀርተዋል። የቀኙን ረድፍ ስስል ክንዴ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፤ የግራውን ስስል እጄ ተጣምሞ ስለሚደክም ሦስቱ ግፊት እንደ ሦስት አይሆንም። አንተ ቁጥር ሳትጽፍ፣ ካሊፐር ሳትይዝ፣ ለደካማው ጎን አንዲት ቃል ጨምረህለት ነበር። እኔ ደግሞ እየረሳህ ነው አልኩህ። አባየ፣ እዚያው ቆሜ እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ። «ይሆናል» ብለህ ዝም ያልከኝ፣ አንድ ቀን ራሱ ይደርስበታል ብለህ ነበር? እንደዚያ ከሆነ፣ ስለታገሥከኝ አላህ ይክፈልህ።

የግራውን ረድፍ እስኪተካከል ሳልኩት። ከዚያ በኋላ ዳማ ግንዱ ውስጥ እንደ ውኃ ገባች። ሙሄ ፍየሎቹን በረት አስገብቶ መጣና ጉማጆቹን እየተሸከመ መኪና ላይ ጫነልኝ፤ «ፍየል ጠባቂን ተሸካሚ ያደረገ ሙሐንዲስ» እያለ ሲሰድበኝ አመሸ። ኀሙስ ረፋድ ላይ እንጨቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። አቡ ፈይሰል መጣ። ከክምሩ አንድ ወፍራም ጉማጅ አንሥቶ ወለሉ ላይ በተቆረጠው ፊቱ አቆመው። አልተወዛወዘም። ሌላ አነሣ፤ ያንንም አቆመው። ከዚያ «ወለድ ሰዒድ» አለኝ። የሰዒድ ልጅ። ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

ክፍሏን ከፈትኳት። ጠባብ ናት፤ በሯ መንገዱን ታያለች፤ ወደ ጡዋል ድንበር የሚወርዱ ጭነት መኪኖች አቧራ ያጎርሱኛል። ትልቁን ወርሻም እመኘዋለሁ፣ አልዋሽህም፤ ውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ ምን የማልፈልገው አለ! አንዳንድ ቀን አገር ቤት ወረባቦ ላይ ራሴ ከፍቼ የባሕር ዛፍ ቆራጮች በር ላይ ተሰልፈው ይታዩኛል። አንተ «ቀስ፣ መጀመሪያ የያዝከውን» ትለኝ ነበር። እሺ፣ ቀስ እላለሁ።

ትናንት ከሐርስ ተራራ አንድ ሽማግሌ ያረጀች ሚንሻር፣ ሞተር መጋዝ፣ ይዞ መጣ። የማስነሻው ገመድ እጀታው ጋ ተበልቶ ሊበጠስ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ገበያ ላይ አንድ ሐበሻ እንደሠራለት፣ ከዚያ ወዲህ ተከፍታ እንደማታውቅ ነገረኝ። ሽፋኗን ፈታሁ። ገመዱ ውስጡ ላይ የታሰረው በፋብሪካ ቋጠሮ አልነበረም፤ ሁለቴ ዞሮ በራሱ ሆድ የሚገባው፣ እኛ አገር ጥጃ ካስማ ላይ ስናስር የምንቋጥረው ነው። አጠባበቁ ያንተ ነው። የገመዱን ትርፍ ጫፍ አሳጥረህ የምትቆርጠው እንኳ ያንተ ነው።

ሽማግሌው ምን ሆንክ አለኝ። አባቴ ነው አልኩት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ባይገባውም አላህ ይርሐመው አለ።

የተበላውን ጫፍ ብቻ ቆርጬ እጀታውን መልሼ አሰርኩ። ያንተን ቋጠሮ አልነካሁትም። አባየ፣ በእነዚህ ተራሮች ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ታስረህ እንዳለህ አላውቅም። ቃሌ ይህ ነው፤ እጄ የገባውን ቋጠሮህን ሁሉ ሳልፈታ እመልሰዋለሁ፤ አንድ ቀን አርጅቶ ከተበጠሰም በዚያው ዓይነት አስሬ እተካዋለሁ። ሽማግሌው መጋዙን መሬት አስይዞ ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ተነሳችለት።

ልጅህ እንድሪስ