በሰገነት የቀረው

ሪያድ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ፈንታሁን፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ድሮ ወንጌል ሲያስተምሩኝ «በሰገነት ያለ በቤቱ ያለውን ሊወስድ አይውረድ» የሚለው አልገባ ብሎኝ፣ ለዕቃ ብሎ የሚወርድ ሞኝ ማን ነው ብዬ ስቄ ነበር።

ማክሰኞ እዚሁ ሪያድ፣ ራውዳ በሚባል ሰፈር የፎቅ ጣሪያ ሬንጅ ስንቀባ፣ የሰፈራችን ልጅ ሸምሱ ጃኬቱን ሊያመጣ ወረደ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሌለውን የሚለቅሙት ፖሊሶች በር ላይ ያዙት። እየወሰዱት ቀና ብሎ አየኝ።

ቃሉ ለሚወርደው ነው። የፖሊሶቹን መኪና ሲመጣ ከላይ እያየ፣ የሚወርደውን ወንድሙን ተመለስ ብሎ ላልተጣራውስ ምን ተጽፏል?

ለእናቴ ደህና ነው ይበሉልኝ። ሸምሱን በቅርቡ ወደ አገር ይልኩታል፤ ሲመጣ ጃኬቱ እኔ ዘንድ አለ ይበሉት። ሌላውን ከእሱ ይስሙ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤
የእህትዎ ልጅ ሰማው