የተሰረዙት ሠላሳ ስምንት ቀናት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ ወይስ አሁንም ይለግምብሻል? የግፊት መድኃኒትሽን ዛሬ ተሽሎኛል እያልሽ እንደማታቋርጪው ተስፋ አለኝ፤ ነርስ ስትታመም አስቸጋሪ ናት የምትይው ራስሽ ነሽ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ንዴቴን ግን አልደብቅሽም።

የማጠናው ኮከብ ቀይ ግዙፍ ከሚባሉት ነው፤ አርጅቶ ያበጠና የቀላ ኮከብ ማለት ነው። አጎቴ ዘወትር በመነጽር የማጮልቅ ይመስለዋል እንጂ እኔስ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ብርሃኑን ስለካ ይኸው ስድስት ዓመቴ። ባለፈው ዓመት ይህ ኮከብ ድንገት ፈዘዘና ሠላሳ ስምንት ቀን እንደፈዘዘ ቆየ። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። መሣሪያውን ፈተሽኩ፣ አጠገቡ ያሉትን ኮከቦች ለካሁ፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። የፈዘዘው የእኔው ሽማግሌ ብቻ ነው። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ!

ታዲያ ሰኞ ዕለት አለቃዬ ለመጽሔት የሚላከውን ጽሑፍ ሊያስፈርመኝ ይዞ መጣ፤ ስሜ ከሁሉም በላይ ተጽፏል። ገልጬ ባየው ሠላሳ ስምንቱ ቀን የለም! ሰርዞ፣ በቦታው አማካይ ቁጥር ሞልቶ፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን መስመር እንደ አዲስ አስፋልት ደልድሎታል። ደሜ ፈላ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል፣ ጠያቂ አናብዛ፣ ደግሞስ ስምሽን አስቀድሜልሽ የለም ወይ አለኝ። ጉድ እኮ ነው! አንቺ የበሽተኛ ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ ሳለ ካርዱ ላይ ሠላሳ ሰባት ብለሽ ጽፈሽ ታውቂያለሽ? እንግዲያው ስሜን አውጣልኝ አልኩት። ሳቀብኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ያ ሳቁ ነው።

ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ቋሚ እንድሆን የሚጽፍልኝም እሱው ነው። አጎቴ ይህን ሰምቶ ደወለና፣ አንድ ፊርማ ምን አላት፣ ይቅርታ ጠይቀሽ አርፈሽ ሥሪ አለኝ። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ? በየት በኩል! ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት፤ ልኬቱንም ከነሠላሳ ስምንቱ ቀን በራሴ ስም ለመጽሔቱ ላክሁ። አጎቴ ግትር ናት ብሎ ሳይነግርሽ ከእኔው ስሚው ብዬ ነው።

አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎቴንም ብቆጣውም ሰላም በዪልኝ። ታናሽ እህቴን ናፍቄሻለሁ በያት። አልጋዬን ልትሸጠው እንዳሰበች ሰምቻለሁ፤ ለጊዜው ትተወው፣ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

ልጅሽ

ከሥራ ክፍሌ፣ ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን