ሠርግ ቤት ገብተው ያለቀሱት አቶ ዋኘው ፈንታ

አቶ ዋኘው ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ የብርጓል ዓባይ፣ በስናን ወረዳ ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኘው የገብስ አገር፣ በመጋቢት ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት ገቡ። በገቡ በሳምንቱ መምህሩ ስም ሲጠሩ አንድ የቀረ ተማሪ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ጠፋ። ዝምታው የጨነቃቸው ሕፃኑ ዋኘው «አቤት!» አሉ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን መናገር ስላፈሩ፣ ልጁ ከሕመሙ ድኖ እስኪመለስ ድረስ አንድ ወር ሙሉ በሁለት ስም ተማሩ። በፈተናም ከራሳቸው ይልቅ ለዚያ ልጅ የተሻለ ውጤት እንዳመጡለት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ቢተው ፈንታ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደብረ ማርቆስ አጠናቀው በ1971 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በአየር ጠባይ ታዛቢነት ተቀጠሩ። ሥራቸው በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ የዘነበውን ዝናብ ለክተው መመዝገብ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳይለኩ አላለፉም። በራሳቸው ሠርግ ዕለት እንኳ ሚዜዎቻቸውን አስቁመው፣ ለክተው ነው የመጡት። እኛ ልጆቻቸው በዚህ እንኮራለን። ይህንን ያህል ዘመን በአንድ ቃሉ የጸና ሰው ስንት አለ?

ከዝናብ ጋር ተስማምተው ኖሩ። የከበዳቸው ሰው ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ደህና ዋል ብለው ከተሰናበቱ በኋላ መንገዳቸው አንድ መሆኑን ሲያውቁ፣ ዳግመኛ መሰናበቱ ስለሚያሳፍራቸው ፊታቸውን አዙረው ከተማውን ዞረው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ምሳ ይቀዘቅዝብን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋንታነሽ ጋር ትዳር መሠረቱ። ሽማግሌ በተላከ ዕለት ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ታመው ቀሩ። አቶ ዋኘውም ቁጥሩ እንዳይጎድል ብለው ራሳቸው ሦስተኛ ሆነው ሄዱ! «ልጃችሁን ለልጃችን» ተብሎ የልጁ ጠባይ ሲጠየቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች አመሰገኑ፤ እሳቸው ግን «ትንሽ ድንግጥ ይላል» ብለው መለሱ። የልጅቷ አባት «ሽማግሌም ሙሽራም ራሱ ሆኖ መጥቶ ነውሩን የሚናገር ሰው አያታልለንም» ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ከዚህ ቅዱስ ጋብቻ መክሊት፣ ሀይለመለኮትና ወንጌላዊት ተወለዱ።

አሁን ስለ ጥር 17 ቀን 1984 ዓ.ም. መናገር ግድ ነው።

በዚያ ዕለት ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በጎረቤት ሰፈር ሰው ማረፉን ለፈፈ። አቶ ዋኘው ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸውና ኩታቸውን ለኀዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ወጡ። የእድራችን ድንኳን ለደስታም ለኀዘንም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ያዩት ድንኳን ውስጥ ገቡ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሙሽራው አቶ አበባው ሙሽሪትን ሊያመጡ ሄደው ሽማግሎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አቶ ዋኘው የሙሽራውን አባት «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብለው፣ ጥግ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ።

ሙሽሪት ወ/ሮ የኔአለም ቬሎዋን ለብሳ ስትገባ መሳሳታቸው ገባቸው። ነገር ግን የጀመሩትን ልቅሶ በምን አኳኋን እንደሚያቆሙት ጨነቃቸው። ድንገት ቢያቆሙ የውሸት ይመስላል፤ ስለዚህ ቀጠሉ። ሰው የሞተ የመሰላቸው ሴቶች ኡኡ አሉ፤ ሙሽሪትም አብራ አለቀሰች።

በሠርግ ላይ እንባ ክፉ ምልኪ ነው ይባላል። አቶ ዋኘው ይህንን ቃል ከልባቸው ማውጣት አልቻሉም። «ያ ትዳር ቢፈርስ በእኔ ነው» ይሉ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ጥር 17 ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለባልና ሚስቱ ጧፍ አበሩላቸው። ከባለትዳሮቹ ቤት ገብተው ይቅርታ ለመጠየቅ ግን በአጥራቸው ሥር ስንት ጊዜ አልፈው ስንት ጊዜ ተመለሱ!

የበኩር ልጃቸው መክሊት አድጋ የቴሌቪዥን ድርሰት ጸሐፊ ሆነች። በ2014 ዓ.ም. በአባቷ ስሕተቶች ላይ ተመሥርታ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» የተሰኘውን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ጻፈች፤ የመጀመሪያው ክፍል ያ ሠርግ ነበር። ስም ብትቀይርም ደብረ ማርቆስ ባለታሪኩን ለማወቅ አንድ ሌሊት አልፈጀበትም። አባቷን አላስፈቀደችም፤ ይህ ጥፋቷ ነው፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናትና አትሸሽገውም።

አቶ ዋኘው ድራማውን አይተው ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። እሑድ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አቶ ቢተው ከሮብ ገበያ ወርደው «የወንድሜን ነውር ለአገር ሸጠችው፤ ይቁም!» አሉ። መክሊት መሬት መሬት እያየች የአባቷን ፍርድ ጠበቀች። በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳና አቶ አበባውና ወ/ሮ የኔአለም ገቡ።

አቶ ዋኘው ብድግ አሉ። ሠላሳ ዓመት የያዙትን ቃል አወጡት፦ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው።»

አቶ አበባው ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ አሉ። «ጋሼ፣ በሠርጋችን ሦስት መቶ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ያለቀሰልን እርስዎ ብቻ ነዎት። አምስት ልጅ ወልደን አንድ ቀን ተኳርፈን አላደርንም። ስንጣላ የእርስዎ ልቅሶ ትዝ ይለንና እንስቃለን» አሉ።

አቶ ዋኘው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው አበሱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «መክሊት፣ ድራማው ላይ ዝናብ ዘንቧል። በዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነው። አስተካክይው» አሉ። ለአቶ ቢተውም «አርባ ዓመት ሰው ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁ፤ አሁን ፊት ለፊቴ ይሳቅ» አሏቸው። ድራማው ሦስት ዓመት ቀጠለ፤ የእያንዳንዱን ክፍል አየር ጠባይ ያረሙት እሳቸው ናቸው።

አቶ ዋኘው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ እሳቸው ቀድመው «እግዜር ይማርዎ» ይሉት ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ፋንታነሽ፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከአራት የልጅ ልጆቻቸውና ከወንድማቸው የተለዩት በዚህ ቀን ነው።

በመካከላችን ኩታቸውን ለሠርግ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ታች አድርገው፣ ከአምስት ልጆቻቸው ጋር የቆሙትን አቶ አበባውንና ወ/ሮ የኔአለምን አይታችሁ የተቆጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ቤተሰቡን አስፈቅደው ነው። «እሳቸው በእኛ ደስታ ኀዘን ለብሰው መጥተዋል፤ እኛም በኀዘናቸው ደስታ ለብሰን እንሸኛቸዋለን» ብለውናል።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ዛሬ ማለዳ ሦስት ሰዓት ላይ ለክተናል፤ ዝናብ የለም፤ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።