የተጠቀለለ ነገር የያዘ ሰው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ጉልበቷ ተሽሏት ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጣለች። በምርጫው ማግስት ደውለሽ «አባዬ፣ ያን ማስጠንቀቂያ አንተ ነህ የጻፍከው?» ስትዪኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። አልፈርድብሽም። የሆነውን ግን ከእኔ ስሚው።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ደንብ አለው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሐሰት ሆኖ የተገኘ የጸጥታ ጥቆማ አይጣልም፤ ምክንያቱ ተጽፎበት ይዘጋል። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት «በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር የያዘ፣ የሚያነክስ ሰው በሰፈራችን ይዞራል፤ ፈንጂ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ጠቁማ ነበር። አጣራን። ሰውየው በአጥር የተጣላችው ጎረቤቷ ነው፤ የያዘውም የውሃ ፓምፕ። ዘጋሁት።

ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው አለቃዬ ያንኑ ፋይል ይዞ ቢሮዬ ገባ። ቀኑ ተቀይሯል፤ የመዝጊያው ገጽ የለም። ቦታው ደግሞ ተቃዋሚውን የሚመርጡት ሰፈሮች ሆኗል።

«ይሄ እኮ የውሃ ፓምፕ ነው» አልኩት።

«ፓምፕ አይፈነዳም ያለህ ማነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰው አንድ ቀን ቤቱ ቢውል ምን ይጎዳል? ያንተ ፊርማ ካለበት ማንም አይጠይቅም።»

ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረው ይኼ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተጣራ ነገር ስላልፈረምኩ ነው የፈለጉኝ። ማስጠንቀቂያውን ጽፌ ፈረምኩ። በማግስቱ ሬዲዮኑ «የተጠቀለለ ነገር ከያዘ፣ ከሚያነክስ ሰው ተጠንቀቁ» የሚለውን የገዛ ዓረፍተ ነገሬን በሌላ ሰው ድምፅ አነበበልኝ። አለቃዬ አሁን ተሹሟል። እኔ ዛሬ ጠዋት ሕፃን ጠቅልላ የያዘች እናት አይቼ መንገድ ቀየርኩ።

ጋሽ ሜትርን ታስታውሺዋለሽ፤ ዩኒፎርምሽን ይሰፋ የነበረውን፣ ሜትር ከአንገቱ የማይለየውን ልብስ ሰፊ። በምርጫው ጠዋት የስፌት መኪናውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ ሊያስጠግን ሲሄድ፣ በዚያው ድምፄን ልስጥ ብሎ ተሰለፈ። ያነክሳል። ፈንጂ የያዘ መስሏቸው የደበደቡት ሱሪያቸውን ሲያሳጥርላቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰልፉ ተበተነ፤ ጣቢያው ሳይመሽ ተዘጋ፤ ያ ሰፈር ሳይመርጥ ቀረ።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም።

«ጎረቤቶቼን አልቀየምም» አለኝ። «ሬዲዮኑን ከሰማሁ በኋላ እኔም የሚያነክስ ሰው ባየሁ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ቤቴ መስታወት ስለሌለ ነው።» እሱ ሳቀ፤ እኔ አልቻልኩም።

ከትራሱ ሥር የአቤቱታ ቅጽ አወጣ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ የእጅ ጽሑፍህም ያምራል። እስቲ ሙላልኝ።»

እሱ እየነገረኝ፣ እኔ አንድ ቃል ሳልሰርዝ ሞላሁለት። «ለጥፋቱ ተጠያቂ የሆነው ሰው» ከሚለው ስደርስ ብዕሬን ያዝ አደረግሁ።

«አይታወቅም በላ» አለኝ።

አይታወቅም ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ቅጹን የሞላው» ይላል። እዚያ ላይ ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ። ጋሽ ሜትር ሁለቱን መስመሮች በግራ እጁ ዳበሳቸውና፣ «ውለታህን ይክፈልልኝ፣ ወንድሜ» አለኝ።

ቅጹ ሐሙስ ይገባል።

ልጄ፣ በሄድሽበት ክፉ አይንካሽ፤ ያመንሽው አይክዳሽ። በስሜ ሲጠሩሽ አንገትሽን የማትደፊ ያድርግሽ።

አባትሽ