ዳቦ የማይቆጠርበት ቋንቋ

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ማክሰኞ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የልጅሽስ ጉንፋን ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ያስመዘገብሽኝ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ካልነው፣ የሕፃናት መዋያ ነው። አስተማሪው ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ጎረምሳ ነው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ስለሚመጣ «ዳኛው» እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሚቆጠርና የማይቆጠር ስም ሊያስተምረን ነው አለ። እንደ ሰው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት ነውር ሆኖበት፣ ወንበሩን ሁሉ ጥግ አስይዞ አቆመን። እሱ ስም ይጠራል፤ የሚቆጠር ከሆነ እንዘላለን፣ የማይቆጠር ከሆነ ቁጭ እንላለን። የተሳሳተ ይወጣል። እስቲ አስቢው፤ ከጎኔ ያለችው ጡረተኛ አዋላጅ ናት። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች ሴት «ወንበር» በተባለ ቁጥር እንደ እንቁራሪት ትዘላለች! ጭራሽ ትስቃለች። እኔ አፈርኩላት።

«ብሬድ!» አለ ዳኛው። ዳቦ ማለቱ ነው። ዘለልኩ። ሌላው ሁሉ ቁጭ አለ። ፊሽካውን ነፋብኝ።

«አባባ፣ ወጥተዋል። ዳቦ አይቆጠርም።»

«ዕድሜ ልኬን ዳቦ ጋግሬ ስሸጥ ሳልቆጥር ነው?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እነሱ ዳቦ ቤት ገብተው አያውቁም!» ብዬ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። አዋላጇ እስከ በር ተከትላ «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብትለኝ፣ «ላንቺ ይሁንልሽ» ብያት ሄድኩ።

በነጋታው ተመለስኩ። እንዳትስቂ። ልጅሽ አማርኛ አይሰማ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልሰማ፤ ስልኩን በሰጠሽው ቁጥር «ሃይ» ተባብለን ተፋጠን መቅረት ስለሰለቸኝ ነው። ያን ቀን ደግሞ ኳስ እየተወራወርን «ሃው ሜኒ» እያልን ስንጠያየቅ ዋልን። ስንት ጫማ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ጥርስ። የጥርሱን ጥያቄ ለኔ ነው የወረወሩት፣ ባለጌዎች።

እሁድ በቪዲዮ ስናወራ በር ተንኳኩቶ ልትከፍቺ ተነሣሽ አይደል? ያኔ ልጅሽን ጠየቅኩት። ስንት ወንበር አላችሁ? ነገረኝ። ስንት አልጋ? ነገረኝ። መግባባታችን ገርሞን ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥዬ «ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» አልኩት።

«ቱ» አለኝ። ጆሮዬ የሳተ መስሎኝ ደገምኩለት። ሁለት ጣቱን አወጣልኝ።

አንቺም ተመልሰሽ «አባዬ፣ ባሌ ሥራ ገብቶ ነው፤ ሰላም ብሎሃል» አልሽኝ። እኔም ሰላም በዪልኝ አልኩሽ። በሠርጉ ዕለት እንኳ ሰዓቱን ሲያይ ለዋለ ሰው ሰላምታዬን ማባከኔ ነው።

ለዳኛው ከልጅሽ ጋር ማውራቴን አልነገርኩትም። ጨዋታዬ ሠራ ብሎ ሊመጻደቅብኝ!

የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀባሁት። መስኮቱም አሁን በደንብ ይዘጋል። አናጢው ካንቺ አልጋ ጎን የሚቆም የልጅ አልጋ እየሠራ ነው። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ፤ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።

አባትሽ